የአራቤላ ጃንጥላ

ኦክቶበር 4፣ እሑድ

የወሩ የአሮጌ ዕቃ ገበያ። ብርድ፣ ጭቃ፣ ብዙ ወሬ፣ ትንሽ ዕቃ። ካየታን እንደ ልማዱ የሰርከስ ፖስተሮቹን ከመኪናው ጀርባ ዘርግቶ ከገዢው ሁሉ ጋር ይተቃቀፋል። ሉብሊን ውስጥ እንደ እሱ ብዙ ፖስተር የሚሸጥ የለም፤ እንደ እሱ የሚስቅም የለም። የሚስቅ ነጋዴ አላምንም።

አንድ ጥሩ ነገር አገኘሁ፤ ብስክሌት የሚነዳ ድብ፣ የ1964፣ ጠርዙ ያልተቀደደ። ድቡ የድመት ጭራ አለው። አጠገቤ የቆመች ሴት ስትስቅ አስረዳኋት። "እነዚህን የሣሉት ሰዎች አብዛኞቹ ድንኳን ውስጥ ገብተው አያውቁም፣ እመቤቴ። ዋርሶ ቤታቸው ተቀምጠው 'ድብ ሣሉልን' ይባላሉ፣ ይሥላሉ። ይሄ ድብ ብስክሌት ነድቶም አያውቅም። በርሜል ነበር የሚያንከባልለው።" በጣም ተደነቀች። የፖስተር ሰብሳቢዎች ማኅበር ሊቀመንበር መሆኔንም ጣል አደረግሁላት።

ልሄድ ስል ካየታን ጠራኝ። አጠገቡ አንዲት አሮጊት ቆማለች። የወንድ ካፖርት ለብሳለች፣ አንድ እግሯን ትጎትታለች።

"አቶ ቴኦፊል፣ ማን እንደሆኑ ይገምቱ እስቲ!"

"እንቆቅልሽ አልወድም።"

"አራቤላ ናቸው! የእርስዎዋ አራቤላ!"

የኔዋ አራቤላ፣ ገመድ ላይ የምትሄደዋ፣ ቤቴ፣ ትንሿ ክፍል ውስጥ፣ ግድግዳ ላይ ያለች ፖስተር ናት። የ1961 ናት። ቢጫ ፀጉር፣ አረንጓዴ ጃንጥላ፣ ከኋላዋ ግማሽ ጨረቃ፣ ገመዱን በአንድ የእግር አውራ ጣት ብቻ ነክታ ቆማለች። ከአጥር ላይ በገዛ እጄ ነው ያነሳኋት። ያን ቀን ዝናብ ስለነበር ሙጫው ለቆ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ፖስተር ገዝቻለሁ፣ ሸጫለሁ፤ እሷን ግን ለሽያጭ አቅርቤ አላውቅም።

ሴትዮዋ እጇን ዘረጋችልኝ። ጨበጥኳት። ሻካራ ነው።

ማታ ለሚስቴ ለሳልካ ነገርኳት። የሾርባ ድንች እየላጠች ነበር።

"አራቤላ? ማራገቢያ የምትይዘዋ?"

"ጃንጥላ።"

"እኔ ማራገቢያ ነው የማስታውሰው።"

ባለቤቴ የጎረቤት ስም እንኳ ታቀያይራለች።

ኦክቶበር 9፣ ዓርብ

ካየታን ደወለ። ነገሩ ለካ ሌላ ነው። ዋርሶ አጠገብ ጡረታ የወጡ የሰርከስ ሰዎች የሚኖሩበት ቤት አለ፤ አሁን አንድ ክፍል ተለቋል። ሴትዮዋ እንድትገባ የሰርከስ ሰው መሆኗ መረጋገጥ አለበት። ወረቀት የላትም። ውሉ ሁሉ በሥራ ጓደኛዋ ስም ነበር፣ "እገሌ እና አጋሩ" እየተባለ። ሰውዬው ሞቷል፣ የቀጠራቸው መሥሪያ ቤትም ፈርሷል። የቤቱ ኃላፊ ደግሞ የታወቀ ፖስተር ሰብሳቢ ቃሉን ከሰጠ ይበቃኛል ብላለች።

"እስከዚያ የት ነው የምትኖረው?"

"ከከተማው ዳር ባሉት የአትክልት ቦታዎች፣ አንዲት ጎጆ ውስጥ ናቸዋ። በጋውን ደህና ነበሩ። አሁን ግን አቶ ቴኦፊል፣ ክረምቱ እየመጣ ነው።"

መርምሬ እነግርሃለሁ አልኩት። ዕድሜዬን ሙሉ መነጽር ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ዓይኔ በቀላሉ አይሸወድም። ለምን ግን ካየታን ለማያውቃት አሮጊት እንዲህ ይደክማል? ነገር አለ።

ኦክቶበር 15፣ ሐሙስ

መጣች። ሌኦካዲያ ነው ስሟ። ሳልካ ሻይና የፖፒ ኬክ አቀረበች፤ ለእኔ ልደት እንኳ እንዲህ አታበዛም። ሴትዮዋ ሦስት ቁራጭ በላችና ፍርፋሪውን በጣቷ ለቀመች። ርቧታል። ወይም ርቧታል ማስባል ታውቅበታለች።

"ገመዱ ላይ ሳሉ በእጅዎ ምን ይይዙ ነበር?"

"ማራገቢያ። ትልቅ የላባ ማራገቢያ።"

"ጃንጥላ አልነበረም?"

"ጃንጥላማ ሲዘንብ ነው የምይዘው፣ ጌታዬ።"

ሳልካ ከት ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

"ፀጉርዎስ?"

"ጥቁር ነበር። እንደ ከሰል።"

"ቢጫ ቀለም ተቀብተው አያውቁም?"

"ቀለም መግዣ ከየት መጥቶ?"

ፖስተሩን ያውቁታል ወይ ስላት አጥር ላይ ሳላየው አልቀረሁም አለች። "እኛ እኮ ከተማ ስንገባ ድንኳን መትከል ነው። ፖስተሩን የሚያየው የከተማው ሰው ነው።" መልስ አታጣም።

ትንሿ ክፍል ወሰድኳት። ክረምት ከበጋ አሥራ ስምንት ዲግሪ ናት፤ ወረቀት ሙቀቱ ሲዋዥቅ ይሸበሸባል። ለዚህ ስል የወጥ ቤቱን የግድግዳ ማሞቂያ፣ ራዲያተሩን፣ ዘግቻለሁ፤ ሳልካ በካልሲ ላይ ካልሲ ደርባ ታጉረመርማለች። "ቶሎ ይግቡ፣ ሙቀቱ ይወጣል" አልኳት። ገባች። ፖስተሩን ቀና ብላ እንኳ አላየችም። ቀጥ ብላ ወደ ራዲያተሩ ሄዳ ሁለት እጇን ዘርግታ ለጠፈችበትና ዓይኗን ጨፈነች። "ኡፈይ" አለች።

የገዛ ምስሏ ፊት አቁመዋት ራዲያተር የምትመለከት ሴት! ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልገኛል?

ኦክቶበር 16፣ ዓርብ

እንቅልፍ አልወሰደኝም። ገብቶኛል። አራቤላ እሷ ናት ተብሎ ከተረጋገጠ ካየታን ፖስተሮቹን ያስፈርማታል። የተፈረመበት ፖስተር ዋጋው ምን ያህል እንደሚወጣ እኔ ነኝ ለእሱ ያስተማርኩት። የሚፈልገው የእኔን ምስክርነት ነው፤ አሮጊቷ መሣሪያ ናት።

ደግሞ እጇ። የጥርሷ ጉድለት። ያ ካፖርት። አራቤላ ብታረጅ እንኳ እንዲህ አታረጅም።

ኦክቶበር 27፣ ማክሰኞ

ሙጫ ልገዛ ካየታን ሱቅ ገባሁ። ጓዳ ሆኖ ስልክ ያወራል፣ አላየኝም። ጆሮዬን አቆምኩ። "ሽማግሌው አንዲት ቃል ይተንፍስ እንጂ የቀረው በእኔ ነው" ይላል። "ማጓጓዙም፣ ሁሉም።"

ማጓጓዙ! ፖስተሮቹን ወዴት ሊያጓጉዝ ነው? ጀርመን ይሆናል።

ሙጫውን ሳልገዛ ወጣሁ።

ኖቬምበር 1፣ እሑድ

የቅዱሳን ሁሉ ቀን። መቃብሩ በሻማ ተጥለቅልቋል። የእናቴን መቃብር ጠርገን፣ ሻማ አብርተን ስንመለስ በአጥሩ በኩል አሮጊቷን አየኋት። ስም ያልተጻፈበት የእንጨት መስቀል ስር ሻማ ልታበራ ትታገላለች፤ ነፋሱ ያጠፋባታል። ሳልካ ሮጣ ሄዳ በካፖርቷ ከለለችላት።

"የማን ነው?" አልኳት ስትመለስ።

"ገመድ ይወጥርላት የነበረው ሰውዬ። ከመውጣቷ በፊት ሁልጊዜ ገመዱን በጥርሱ ይነክስላት ነበር አለችኝ። ካልነከሰው አትወጣም።"

"አጋጣሚው ይገርማል። ልክ እኛ ስናልፍ።"

"ቴኦፊል፣ ዛሬ እኮ የአገሩ ሰው በሙሉ መቃብር ነው ያለው። አንተን ስትጠብቅ ነው?"

መንገዴን ቀጠልኩ። ግን በጥርስ መንከስ የሚል ነገር የትም አላነበብኩም።

ኖቬምበር 5፣ ሐሙስ

ሳልካ ከሰዓት ወጣች። "እህቴ ጋ" አለች። የሾርባ ቴርሞሱን ይዛ። እህቷ ድስት የላትም?

ኖቬምበር 8፣ እሑድ

ምድር ቤት ወረድኩ። ትንሿ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ የለችም። ሌባ ቢገባ ብስክሌቱን ትቶ እሷን ይወስዳል? ሳልካን ጠየቅኋት፤ "አሮጌ አልነበረች?" ብላ ሬዲዮኑን ከፍ አደረገችው።

ኖቬምበር 12፣ ሐሙስ

አሁንም ቴርሞስ። አሁንም "እህቴ ጋ"። በመስኮት ሳይ መንገዱ ጫፍ ላይ የቆመ መኪና ነበር፤ የካየታን ይመስላል፤ ሰማያዊ። ፖስተሮቹን አንድ በአንድ አየሁ። አንድም አልጎደለም። የጎደለው የሱፍ ብርድ ልብስ ነው፣ ከቁም ሳጥኑ። ምን እያሴሩብኝ እንደሆነ ልደርስበት አልቻልኩም። የገዛ ሚስቴን እንዲህ መጠርጠር ደስ አይልም። ግን ሰው ንጹሕ ከሆነ ለምን ሬዲዮ ከፍ ያደርጋል?

ኖቬምበር 18፣ ረቡዕ

የሰርከስ ጡረተኞቹ ቤት ኃላፊ ራሷ ደወለች። ትሑት ድምፅ ነው ያላት።

"አቶ ቴኦፊል፣ ሌላ አመልካች ስላለ መወሰን አለብን። ወይዘሮ ሌኦካዲያ አራቤላ ናቸው?"

በትንሿ ክፍል ክፍት በር በኩል አራቤላ ትታየኛለች፣ በጃንጥላዋ።

"አይደለችም" አልኩ። "አራቤላን እኔ አውቃታለሁ።"

"እርግጠኛ ነዎት?"

"ዕድሜዬን ሙሉ ከእሷ ጋር ነው የኖርኩት።"

አመሰገነችኝ። ስልኩን ስዘጋ ወጥ ቤቱ ጭጭ ብሎ ነበር። ሳልካ ሬዲዮኑን መቼ እንዳጠፋችው አላወቅሁም።

ኖቬምበር 22፣ እሑድ

ከዜሮ በታች አሥራ አራት። በረዶው መስኮቱን ሸፍኖታል። ትንሿ ክፍል አሥራ ስምንት ናት፤ እርጥበቱም ደህና ነው። ሳልካ ካናገረችኝ አራተኛ ቀኗ። ትክክል ሠርቻለሁ። ሰው እውነት ስለተናገረ ሾርባው ቀዝቅዞ ይቀርብለታል?

ወፎቹ ፍርፋሪ አጥተው መስኮቱን ይቆረቁራሉ። የአትክልት ቦታዎቹ ሰዎች በክረምት ውኃ እንደሚቆረጥባቸው ሰምቼ ነበር። እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም።

ኖቬምበር 26፣ ሐሙስ

ሳልካን ተከተልኳት። ትሮሊባስ ውስጥ ከኋላ፣ ፊቴ በጋዜጣ ተሸፍኖ። የመጨረሻው ፌርማታ ወረደች። እህቷ የምትኖረው በተቃራኒው ነው።

የአትክልት ቦታዎቹ። በረዶ እስከ ጉልበት። ሰማያዊው መኪና ቆሟል። ካየታን ከሰል ያወርዳል።

በመስኮት አየሁ።

አሁን መጻፍ አልችልም።

ኖቬምበር 27፣ ዓርብ

ያየሁትን እጽፋለሁ።

ክፍሏ ከእኛ ቁም ሳጥን ብዙ አትበልጥም። ማሞቂያዬ ቀልታ እየነደደች ነው። አሮጊቷ ብርድ ልብሴን ተጠቅልላ፣ ካፖርቷን ከላይ ደርባ፣ አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች። ሳልካ አንድ ነገር ጠየቀቻት። ሴትዮዋ ጋዜጣ አንስታ እንደ ማራገቢያ አጠፈችው። ከዚያ እጇ ተነሳ። ሰውነቷ ንቅንቅ አላለም፤ የእጇ አንጓ ብቻ ነበር፤ ወደ ግራ ትንሽ፣ ወደ ቀኝ በጣም ትንሽ፣ ቆም፣ እንደገና። ብርድ ልብሱ ስር እግሮቿ አንዱ በአንዱ ፊት ሲቀድሙ ይታየኝ ነበር፤ የሚጎተተውም ጭምር። ጎጆው ውስጥ ገመድ የለም፤ እኔ ግን ትወድቃለች ብዬ ትንፋሼን ያዝኩ። ሳልካ አፏን በእጇ ይዛ ታለቅሳለች። ከዚያ አጨበጨበች፣ እንደ ልጅ።

ከአጥር ላይ ያነሳኋት አራቤላ አንድም ቀን ተንቀሳቅሳልኝ አታውቅም። ያን ዓመት ድንኳኑ ውስጥ አልገባሁም። ዝናብ ነበር፣ ፖስተሩም እጄ ላይ ነበር፤ ምን አስገባኝ ብዬ ነው።

ሳላንኳኳ ተመለስኩ። ፈሪ ነኝ።

ዛሬ ጠዋት ሳልካ ዳቦ እየቆረጠች አፏን ከፈተች።

"ትናንት በመስኮት ያላየሁህ መሰለህ? ጆሮህ ቀልቶ፣ ዶሮ ሊሰርቅ እንደመጣ ሰው።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"የመጀመሪያው ቀን ነገርኩህ! ማራገቢያ ነው አልኩህ። ዛሞሽች ከተማ፣ ድንኳኑ ውስጥ ፊት ለፊት ቁጭ ብዬ በዓይኔ ያየኋትን ሴት! አንተ ሚስትህን ትተህ አጥር አመንክ።"

"ከመጋባታችን በፊት፣ ከዳቦ ጋጋሪው ልጅ ጋር ነው ያየሻት" አልኩ። ለምን እንዳልኩት አላውቅም።

"አዎ፣ ከዳቦ ጋጋሪው ልጅ ጋር! እሱ ቢያንስ ትኬት ገዝቷል።"

የዳቦውን ፍርፋሪ በእጄ ጠረግሁ።

"ስልኩንም ሰምቼሃለሁ" አለች። አሁን ድምፅዋ ቀነሰ። "ራሱ ያስተካክለዋል ብዬ ቀን ስቆጥር ነበር። ሰለቸኝ፣ ቴኦፊል። በየገናው ዋዜማ ላልታወቀ እንግዳ ብለን ባዶ ሳህን እናስቀምጣለን። ከተጋባን ጀምሮ ማንም ያልበላበትን ሳህን አጥባለሁ። እንግዳዋ መጥታ በርህን አንኳኳች። አንተ ፈተና አወጣህላት።"

ከዚያ ወጥታ በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው። ብትወረውረው ይሻለኝ ነበር።

ድቡ ትዝ አለኝ። የድመት ጭራ ያለው ድብ፣ ገበያው ላይ ለዚያች ሴት እየሳቅሁ የነገርኳት። ዋርሶ ውስጥ አንድ ሠዓሊ "ገመድ ላይ የምትሄድ ሴት ሣልልን" ተባለ። ጃንጥላ ደስ አለው፣ ጃንጥላ ሣለ። ይህን ከእኔ የበለጠ ማን ያውቃል? አውቀው ነበር። ማወቅ አልፈለግሁም። አሮጊቷን የጠላኋት ስላረጀች ነው። ይህን ለሳልካ አልነግራትም። አፍሬአለሁ።

ኖቬምበር 28፣ ቅዳሜ

ደወልኩ። ተሳስቻለሁ፣ ናቸው፣ አራቤላ ናቸው አልኩ።

"ወይኔ አቶ ቴኦፊል" አለች ኃላፊዋ። "እኛ እኮ እርስዎን ነው ያመንነው። ክፍሉን አንድ የድብ አሠልጣኝ ወስደዋል፤ ሐሙስ ገቡ።"

"ሌላ ክፍል?"

"እዚህ ክፍል የሚለቀቀው ሰው ሲሞትብን ነው። ሁሉም ደህና ናቸው፣ እግዜር ይመስገን።"

እኔም እግዜር ይመስገን አልኩ። ምን ልበል?

ከሰዓት ካየታን ሱቅ ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኩት፤ ፊርማውን፣ ጀርመንን። በሳቅ ፈረሰ።

"አስፈርሜ ነበር እኮ! አንድ ጊዜ ሞከርኩ። 'ሌኦካዲያ' ብለው ቁጭ። ማን ይገዛኛል?" ከዚያ ሳቁ ቆመ። "ማጓጓዝ ያልኩት እሳቸውን ነበር፣ አቶ ቴኦፊል። እሳቸውንና ሁለት ሻንጣቸውን። መኪናውን አስጠግኜ ነበር።"

ቢሰድበኝ እንዴት ደስ ባለኝ።

ኖቬምበር 30፣ ሰኞ

አሮጊቷ ሳል ይዟታል አለች ሳልካ። ብርድ ልብሱ አይበቃም። ማሞቂያዋ ፊውዙን እያቃጠለች የአትክልት ቦታው ዘበኛ ተቆጥቷል።

ሌሊቱን ሙሉ ትንሿ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ ነበር። ሙቅ ናት። የቤቱ ሁሉ ሙቀት እዚህ ነው ያለው።

ዲሴምበር 2፣ ረቡዕ

ጀመርኩ። መደርደሪያዎቹን አወጣሁ። ፖስተሮቹን እየጠቀለልኩ ግማሹን ቁም ሳጥን ላይ፣ ግማሹን ምድር ቤት። ምድር ቤቱ እርጥብ ነው። ቢሆንም ወሰድኳቸው። ሳልካ አንድም ቃል ሳትናገር ከጎኔ መጠቅለል ጀመረች። ብስክሌተኞቹ ወንድማማቾች፣ አስማተኛው፣ የድመት ጭራው ድብ። ድቡን ስትጠቀልል ሳቀች። ከሁለት ሳምንት በኋላ የመጀመሪያ ሳቋ ነው።

አራቤላን ግድግዳው ላይ ተውኳት። እጄ እምቢ አለኝ።

ዲሴምበር 5፣ ቅዳሜ

ትናንት ጎጆው ሄጄ አንኳኳሁ። ያልኩትን ሁሉ ነገርኳቸው፤ በስልክ አይደለችም ማለቴንም። ወይዘሮ ሌኦካዲያ ብርድ ልብሱን ወደ ትከሻቸው ሳቡ። ከዚያ "ሰውን አለማመን ጥሩ ነው፤ እኔም ገመዱን ራሴ ሳልረግጥ አላምንም ነበር" አሉ። ይቅርታ ይሁን አይሁን አልገባኝም። ክፍል ተዘጋጅቷል፣ ቤታችን ይምጡ ስላቸው ግን ጫማቸውን ፈለጉ።

ዛሬ ካየታን በመኪናው አመጣቸው። ሁለት ሻንጣ። ሳልካ አጃ ሾርባ ሠርታ፣ አልጋውን ከራዲያተሩ አጠገብ አንጥፋ ጠበቀች። ወይዘሮ ሌኦካዲያ ገብተው እንደዚያን ቀን ሁለት እጃቸውን ራዲያተሩ ላይ አደረጉ። ሲሞቃቸው ዞር አሉ። ግድግዳው ላይ ያለችውን ለመጀመሪያ ጊዜ አዩዋት። ቀረብ ብለው፣ መነጽሬን ተውሰው፣ ከላይ እስከ ታች።

"ይቺ ናት እኔ የተባልኩት?"

"አዎ።"

"ቆንጆ ናት። ግን በዚህ አያያዝ ሁለት እርምጃ አትሄድም፤ ጃንጥላው ነፋስ ይዞባት ይሄዳል።"

ካየታን በሩ ላይ ቆሞ ሳቀ። እኔ ወንበር ላይ ወጥቼ የፖስተሩን ስፒሎች መንቀል ጀመርኩ። ምድር ቤት ትውረድ ብዬ ነው። ክፍሉ የእሳቸው ነው፤ ሌላ ሴት ምን ታደርጋለች። ወይዘሮ ሌኦካዲያ ክንዴን ያዙኝ። አያያዛቸው ጠንካራ ነው።

"ይተዋት አቶ ቴኦፊል። ምን አደረገችዎት? ውጭው እኮ ብርድ ነው።"

ከወንበሩ ወረድኩ። ማንንም ማየት አልቻልኩም።

አሁን ተኝተዋል። ሳላቸው በግድግዳው በኩል ይሰማኛል፤ ከትናንቱ ይቀላል። ቅድም በእግሬ ጣት ገብቼ ራዲያተሩን እስከ ሃያ ሁለት ከፈትኩት። ለወረቀት አይስማማም።